የቆዳ ዕቃችሁ ሳይሰነጠቅ ድረሱለት

ወዳጆቼ፣ እስቲ ቁም ሣጥናችሁን ክፈቱና ያላችሁን የቆዳ ዕቃ ሁሉ አልጋ ላይ ደርድሩት። ቀበቶው፣ የእጅ ቦርሳው፣ የኪስ ቦርሳው፣ የሰዓት ማሰሪያው፣ ዛጎል የተሰፋበት አምባር፣ መስቀል ያንጠለጠላችሁበት የአንገት ማሰሪያ፣ ሁሉም ይውጣ። ከዚያ አንድ በአንድ እያነሣችሁ ቀስ ብላችሁ አጥፋችሁ ዘርጓቸው። የትኛው እጅ ላይ ይለሰልሳል? የትኛው ደርቆ ይንቋቋል? የትኛውስ መታጠፊያው ላይ ቀጭን ስንጥቅ ጀምሮታል? የቆዳ ዕቃ ባለቤቱ እንዴት እንደያዘው አይደብቅም። የምሥራቹ ግን ይህ ነው፤ ስንጥቁ እስካልጠለቀ ድረስ አብዛኛው ይድናል። ለዚያም ውድ ነገር አያስፈልጋችሁም፤ በየወቅቱ ጥቂት ደቂቃ መስጠት ይበቃል።

ይህን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች እዚሁ አገራችን አሉ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ መንዝን፣ ግሼንና መርሐቤቴን አስቡ። የመንዝ ደጋ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከመሐል ሜዳ ወዲያ ያለው የጓሳ ሣር ምድር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይጀምራል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ ሜዳውን ነጭ ያለብሰዋል። በእንዲህ ያለ አገር በግ ትልቅ ሀብት ነው። ጸጉሩ ተፈትሎ በርኖስና ባና ይሆናል። ሌጦው ደግሞ ከነጸጉሩ ሲለፋ አጎዛ ሆኖ ይነጠፋል፤ እረኛውና የቆሎ ተማሪው ደበሎ አድርገው ይለብሱታል። እህሉ በስልቻና በአቅማዳ ይያዛል፣ በሬው በጠፍር ይጠመዳል፣ ጭነቱ በመጫኛ ይታሰራል። የፈረሱ ኮርቻና ልጓም ቆዳ ነው። ካህኑ ዳዊቱን ከቆዳ ማኅደር ከትቶ ትከሻው ላይ ያንጠለጥላል፤ እናት ልጇን በአንቀልባ ታዝላለች። ሱቅ ሩቅ በነበረበት ዘመን የእርሻ ጠፍር ተበጠሰ ማለት ጥማዱ ቆመ ማለት ነበር። ስለዚህ ቆዳን መንከባከብ ጊዜ ሲተርፍ የሚሠራ ነገር አልነበረም፤ እንጀራ ነበር።

መሐል ሜዳ አካባቢ ካየኋቸው የቆዳ ዕቃዎች ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው አንድ አንቀልባ ነው። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። ከግድግዳ ላይ አውርደው ጭናቸው ላይ ዘረጉልኝ። ከጭሱና ከእጅ ንክኪ ብዛት ቀለሙ ጠቁሯል። ጠርዙን ተከትሎ ዛጎል ተሰፍቶበታል፤ አንዳንዱ ዛጎል ወልቆ ክሩ ብቻ ቀርቷል። ትከሻ ላይ የሚያርፈው ጠፍር ግን በአገልግሎት ብዛት ተወልውሎ ያብረቀርቃል።

«እማማ፣ ስንት ልጅ አዝሏል ይሄ?» አልኳቸው።

«እኔው ታዝዬበታለሁ ልጄ። የኔም ልጆች፣ የልጆቼም ልጆች።»

«ታዲያ እንዴት ሳይበጠስ ቆየ?»

«ሲደርቅ ዝም አልለውማ!»

ይህን ብለው ዝም አላሉም፤ አሳዩኝ። ከጣታቸው ጫፍ የማትበልጥ ቅቤ ወስደው በሁለት መዳፋቸው መካከል እስክትቀልጥ አሹዋት። ከዚያ ጠፍሩን ከዳር እስከ ዳር በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ ሄዱ። የሚፈልጉት ደረቅ ያለበትን ቦታ ነው። ትከሻ ላይ የሚታጠፍበት ጋ ቆሙ፤ ስፌቱ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ጋ ደግሞ ቆሙ። ያንን ብቻ ቀቡት። ሌላውን አልነኩትም። ትርፉን በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ጠርገው ከምድጃው ራቅ ካለው ግድግዳ ላይ መልሰው ሰቀሉት። ቡናው ሳይፈላ ሥራው አልቋል።

እስቲ ይህን ልብ በሉ። ብዙዎቻችን ቦርሳችንን መንከባከብ ስናስብ ፊት ለፊት የሚታየውን ሰፊ ገጽ እንወለውላለን። እኚያ እናት ግን የሄዱት ወደሚታጠፈው፣ ወደሚሸከመው፣ ወደሚለፋው ቦታ ነው። ቀበቶ የሚበጠሰው ዘለበቱ ጋ ነው፤ ቦርሳ የሚበጠሰው ማንጠልጠያው ቀለበት ውስጥ በሚያልፍበት ቦታ ነው፤ አምባር የሚሰነጠቀው ቁልፉ አጠገብ ነው። ጉልበታችሁንም ጊዜያችሁንም እዚያ ላይ አውሉት! ሕይወታችሁ ውስጥም ሸክም የበዛበትን ቦታ ታውቁታላችሁ፤ መጀመሪያ የሚደረስለት እርሱ ነው።

የደረቀ ቆዳ መታጠፊያው ላይ መሰንጠቁ ሳይንሳዊ ምክንያት አለው። ቆዳ ኮላጅን የሚባሉ የፕሮቲን ክሮች እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው የተሠራ ነው። ሲለፋ እነዚያ ክሮች እንዳይበሰብሱ ይደረጋል፤ በመካከላቸውም ስብ ይገባና ሲታጠፉ እንዲንሸራተቱ ይረዳቸዋል። ስቡ ሲያልቅና እርጥበቱ ሲጠፋ ክሮቹ ይጣበቃሉ። የተጣበቀ ክር ሲታጠፍ ይሰበራል፤ አንዴ ከተሰበረ ደግሞ መልሶ የሚቀጥለው ቅባት የለም። አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት ለዚህ ለዚህ ነው።

ቅባቱ ምን ይሁን? ቅቤ ለእማማ አንቀልባ ሠርቷል፤ አንቀልባው ዘወትር አየርና ጭስ ያገኛል፣ ቶሎ ቶሎም ከእጅ ይገባል። ቁም ሣጥን ውስጥ ተዘግቶ ለሚከርም ቦርሳ ግን አልመክረውም፤ ቅቤው ከርሞ ይሸታል፣ አይጥም ይጠራል። የተልባና የኑግ ዘይትም ይቅርባችሁ። እነዚህ አየር ሲያገኙ እየደረቁ የሚጠጥሩ ዘይቶች ናቸው፤ የተልባ ዘይት ለሥዕል ቀለም መበጥበጫ የሚመረጠውም በዚሁ ጠባዩ ነው። ዛሬ ያለሰለሰው ቆዳ ከወራት በኋላ መልሶ ይደርቃል። ለጸጉር የምንገዛው የጉሎ ዘይት ግን እንዲህ አይደርቅም። አንድ እጅ የማር ሰም ከአራት እጅ የጉሎ ዘይት ጋር ቀላቅላችሁ ማቅለጥ ትችላላችሁ፤ ሰም በ63 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥ ዕቃውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል፣ እሳት ላይ አትጣዱት። ሲቀዘቅዝ የሚረጋ ቅባት ይሆንላችኋል፤ ዘይቱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሰሙ ከላይ ሆኖ ውሃ ይከላከላል። ይህን ለመሥራት ጊዜ የሌለው ሰው ቀለም የሌለው የጫማ ክሬም ይግዛ፤ እርሱም ደህና ነው። የቱንም ብትመርጡ መጀመሪያ ከማይታይ ቦታ ሞክሩት፤ ቅባት ቆዳን ማጥቆሩ አይቀርም። አብዝቶ መቀባትም ጉዳት ነው፤ ቆዳው ይላላል፣ አቧራ ይሰበስባል።

ከቅባት በፊት ግን ጽዳት ይቀድማል። በየከተማችን መንገድ ዳር ያሉ ሊስትሮዎችን እጅ ተመልከቱ፤ ቀለሙን ከመክፈታቸው በፊት አቧራውን በብሩሽ ያራግፋሉ። አቧራ ጥቃቅን ድንጋይ ነው፤ በላዩ ላይ ቅባት ከቀባችሁ ቆዳውን በአሸዋ ማሸት ይሆናል። ስለዚህ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አራግፉ፤ ላብና እጅ ያቆሸሸውን ረጥቦ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ጥረጉ። ኦሞና በረኪና አጠገቡ አይድረሱ። የለፋ ቆዳ ተፈጥሮው ወደ አሲድ ያጋደለ ነው፤ የልብስ ሳሙና ደግሞ ተቃራኒው ነውና ልፋቱን ያፈርሰዋል። ሽቶና የእጅ ማጽጃ አልኮል የላዩን ቀለም ይልጣሉ፤ አምባራችሁን አውልቃችሁ ተቀቡ፣ ሲደርቅ መልሳችሁ አድርጉት።

ውሃ ቢነካውስ? በጥምቀት ዕለት ጠበል ሲረጭ በአንገታችን ያለው የቆዳ ማሰሪያ ከኛ ጋር ይርሳል፤ ቦርሳውም ቀበቶውም እንዲሁ። አትደንግጡ! በጨርቅ ጫን ጫን እያደረጋችሁ ውሃውን አውጡለትና ጥላ ውስጥ፣ አየር በሚነፍስበት ቦታ አስቀምጡት። ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ከሰል ወይም ምድጃ አጠገብም አታድርጉት። እርጥብ ቆዳ ከደረቁ ይልቅ ሙቀት ይጎዳዋል፤ ክሮቹ ይኮማተሩና እንደ እንጨት ይደርቃል። ቦርሳና ጫማ ከሆነ ውስጡን በጋዜጣ ሙሉት፣ ጋዜጣው ሲርስ ለውጡት። ፈጽሞ ሳይደርቅ፣ ገና ቀዝቀዝ ሲል በጥቂቱ ቀቡት።

ጫማን ውስጡን መሙላት የትናንት ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 አርሜኒያ ውስጥ አሬኒ አጠገብ ካለ ዋሻ አንድ የቆዳ ጫማ ተገኝቷል፤ ዕድሜው 5,500 ዓመት ያህል ነው። ከአንድ ቁራጭ የከብት ቆዳ የተሠራ፣ ከነማሰሪያው ያለ የቀኝ እግር ጫማ ነው። ውስጡ ሣር ታጭቆበት ነበር፤ ለሙቀት ይሁን ቅርጹን እንዲጠብቅ ተመራማሪዎቹ በእርግጠኝነት አልለዩም። ዋሻው ቀዝቃዛና ደረቅ ነበር፣ ከላዩ ደግሞ የበግ ፍግ ተደላድሎ ዘግቶት ነበር። በግና ደረቅ ብርድ! የመንዝ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል። ከዚህም ወደ ቤታችን ስንመለስ ዓድዋ አጠገብ ያለው የአባ ገሪማ ገዳም ወንጌል አለ፤ ብራናው በካርቦን ሲለካ እ.ኤ.አ. ከ330 እስከ 650 ባለው ጊዜ ውስጥ የተዘጋጀ ሆኖ ተገኝቷል። የእንስሳ ቆዳ በአግባቡ ከያዙት ከነገሥታት ዕድሜ በላይ ይቆያል። እናንተ ደግሞ ከአንድ ቀበቶ የምትጠብቁት ሁለት ዓመት ብቻ ነው?

መስቀል ለምታንጠለጥሉ አንድ ነገር ልጨምር። የናስ ወይም የመዳብ መስቀል በቆዳ ማሰሪያ ከታሰረ ቀለበቱ ከቆዳው ጋር በሚነካካበት ቦታ አረንጓዴ፣ ሰም የመሰለ ነገር ያቆጠቁጣል። ብዙ ሰው ሻጋታ ይመስለዋል። አይደለም፤ ቆዳው ውስጥ ያለው ስብ ከመዳቡ ጋር ተዋሕዶ የፈጠረው ነው። በደረቅ ጨርቅና በስንጥር ጫፍ ጥረጉት፤ ማሰሪያውንም ቦታ ቦታውን እያዟዟራችሁ ሁልጊዜ አንድ ነጥብ ላይ እንዳያርፍ አድርጉ። የብር መስቀል ከሆነ ስታጸዱት ማሰሪያውን አውልቁ፤ ለብሩ የሚሆነው ማጽጃ ለቆዳው አይሆንም። ለረጅም ጊዜ ስታስቀምጡም ብሩንና ቆዳውን ለየብቻ ጠቅልሏቸው፤ ቆዳ ብርን ሊያጠቁር ይችላል። አያት የሰጡት መስቀል የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ማሰሪያው ሳይታይ ተበጥሶ ነው። ቀለበቱ ጋ ያለችውን ያችን ትንሽ ቦታ ጠብቋት!

ዛጎልና ጨሌ የተሰፋባቸው አምባሮችና ቀበቶዎች ላይ ደግሞ ከቆዳው ቀድሞ የሚሄደው ክሩ ነው። አንድ ዛጎል ሲላላ ሌሎቹ እስኪረግፉ አትጠብቁ። በሰም የታሸ ክርና ወስፌ ካላችሁ በነበረው ቀዳዳ መልሳችሁ ስፉት፤ አዲስ ቀዳዳ አትብሱ። እጃችሁ ካልደፈረ ጫማ ሰፊ ዘንድ ውሰዱት። አጎዛ ያላችሁ ውሃ ውስጥ አትንከሩት፤ አራግፉት፣ አበጥሩት፣ ጥቂት አየር ይንካው። የአጎዛ ጠላት ብል ነው፤ ብል ጸጥ ያለና የጨለመ ቦታ ይወዳልና ደጋግማችሁ ከገለጣችሁት አይደላደልም።

ማስቀመጫውን በተመለከተ ፌስታል ይቅር። ቆዳ ፌስታል ውስጥ እርጥበቱን ይዞ ይሻግታል። አሮጌ የጥጥ ጨርቅ ወይም የትራስ ልብስ በቂ ነው። በክረምት ሻጋታ ከያዘው ከቤት ውጭ በብሩሽ አራግፋችሁ፣ ውሃ በተቀላቀለበት ኮምጣጤ በስሱ ጥረጉና አድርቁት። ከመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ወደ ጀማ ሸለቆ የወረደ ሰው ሙቀቱ እንዴት እንደሚለወጥ ያውቃል፤ እንዲህ ባለ ቆላ መኪና ውስጥ፣ መስታወት ሥር የተተወ ቦርሳ በአንድ ከሰዓት ሊበላሽ ይችላል። በውጭ አገር ያላችሁ ወገኖቼም በብርዱ ወራት የቤት ማሞቂያ አየሩን እንደሚያደርቅ አትርሱ፤ ከአገር ቤት የተላከላችሁን ቦርሳ ከማሞቂያው አርቁት።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ቀላል ነው። የሚከብደው ማስታወሱ ነው። ልማድ እንዴት እንደሚጠበቅ ለማየት ደግሞ ከጓሳ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። የመንዝ ሰዎች ያንን ሣር ምድር ቀሮ በተባለ ሥርዓት ለዘመናት ጠብቀውታል፤ ጅማሬው 17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደሆነ ይነገራል። ሜዳው ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋ ነበር። ጊዜው ሲደርስ ተከፍቶ ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ከዝናብ ለሚያስጠልለው ገሳ ይታጨድ ነበር፤ ከዚያ ተመልሶ ይዘጋ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም ሕዝቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ አስቀጠለ፤ ዛሬም ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው እዚያው አሉ። እነዚያ ሰዎች ሜዳውን የጠበቁት ልባቸው ሲነሣሣ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ትውልድ አይሻገርም ነበር። ቀን ነበራቸው። እናንተም ቀን ይኑራችሁ። መስከረም ላይ ክረምቱ ያሳደረውን እርጥበት አስወጡ፤ ኅዳር ላይ ውርጩና ደረቁ ነፋስ ሳይበረታ ቀቡ፤ ከጥምቀት ማግስት የራሰውን እዩ፤ ግንቦት ላይ ዝናቡ ሳይገባ እንደገና ቀቡ። በዓመት 4 ቀን ነው። ቀን መቁጠሪያችሁ ላይ አሁኑኑ ጻፉት! ሞቅ ብሎን የጀመርነው ነገር ሁሉ ሞቅታው ሲበርድ ይቀራል፤ ቀን የተቆረጠለት ግን ይዘልቃል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ብቀር ቅር ይለኛል። ያ አንቀልባ፣ ያ ማኅደር፣ ያ ኮርቻ እንዲያው አልተገኘም። ሌጦውን ፍቀው፣ በዕፅዋት ጭማቂ ነክረው፣ በእግራቸው ረግጠውና በእጃቸው አሽተው ያለሰለሱት ሰዎች አሉ። አገራችን እነዚህን ባለሙያዎች ለብዙ ዘመን በስድብ ጠርታለች፣ ከጋብቻ አግልላለች፣ ክፉ ዓይን አላቸው ብላ ሸሽታቸዋለች። የሠሩትን ለብሰን ሠሪውን መናቃችን ነውር ነበር፤ ዛሬም በቀረበት ቦታ ሁሉ ነውር ነው። ልጆቻችሁ ፊት ያንን ስድብ አትድገሙት።

ሌጦውንም አትናቁት። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ሌጦ ለጓንት፣ የባቲ ፍየል ሌጦ ደግሞ በገዛ ስሙ በዓለም የቆዳ ገበያ የሚታወቁ ናቸው። እኛ ግን ባለፉት ዓመታት ዋጋው ሲወድቅ በበዓል ማግስት ሌጦ ቦይ ውስጥ ተጥሎ አየን። ጥሬ ሌጦ ጨው ካልነካው በሰዓታት ውስጥ መበላሸት ይጀምራል። ስለዚህ ለመጪው በዓል በግ የምታርዱ ወዳጆቼ፣ ቢላዋው ሌጦውን እንዳይበጣው አራጁን አስጠንቅቁት፤ እንደተገፈፈ ደሙን አጥባችሁ፣ ውሃውን አንጠፍጥፋችሁ፣ በሥጋው በኩል ጨው በደንብ ነስንሱበት፤ በዚያው ዕለት ለቆዳ ሰብሳቢ ወይም ማልፋት ለሚያውቅ ባለሙያ አስረክቡት። ባለሙያው የሚጠይቃችሁን ዋጋ ሳትከራከሩ ክፈሉት።